ቃልን ከነምንጩ ስለ መያዝ፤ የኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ የሕይወት ታሪክ

ምስጋና ሁሉ ዕውቀትን ለሰው ልጅ አደራ አድርጎ ለሰጠ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው፣ መንገዳቸውንም በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

የተከበራችሁ ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የሰው ልጅ የሰማውን ነገር በሁለት እጁ ይይዛል። በአንደኛው እጁ ነገሩን ራሱን ይይዛል፤ በሁለተኛው እጁ ነገሩ ከማን እንደ መጣ ይይዛል። ጊዜ ሲረዝም ግን ሁለተኛው እጅ ቀድሞ ይላላል። ሰውየው የተነገረውን ቃል ያስታውሳል፤ የነገረውን ሰው ይረሳል። ቃሉ ብቻውን በልቡ ሲቀር ባለቤት የሌለው ዕቃ ይሆናል፤ ባለቤት የሌለውን ዕቃ ደግሞ ያገኘው ሁሉ በፈለገው ሰው ስም ይጠራዋል።

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ ቈጥሮ የሚያውቅ፣ ዕቃው ግን ከማን እንደ ተገዛና የማን ገንዘብ እንዳልተከፈለ የማያውቅ ነጋዴ፣ ሀብታም መስሎ ይታያል እንጂ ሒሳቡ የተጣራ አይደለም። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚገባ የንግድ ዕቃ ከየት እንደ ተጫነ፣ ላኪውና ተቀባዩ ማን እንደ ሆኑ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ ዲክላራሲዮኑም ካልተሞላ፣ ከጉምሩክ እጅ አይወጣም። ስለ ጨርቅና ስለ ሽቶ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናገሩት እየተባለ ስለሚነገረው ቃል እንደ ምን አብልጠን አንጠነቀቅም?

ዕድሜያቸውን በዚህ ጥንቃቄ ከፈጸሙት ሊቃውንት አንዱ፣ ለአገራችን ለብዙ ዘመን የባሕር በር ሆና በኖረችው ከተማ ስም የሚጠሩት ኢማም ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከጅቡቲ ወሰን በስተ ምሥራቅ በሱማሌ ጠረፍ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የይፋት ሡልጣኔት ወደ ባሕር የሚወጣው በእርስዋ በኩል ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከይፋት ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው ወደ ዘይላዕ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያም ዕቃው በመርከብ ወደ የመንና ወደ ሌላውም አገር ይሻገር ነበር። መንገደኛው ኢብኑ በጡጣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1331 ገደማ ወደዚህች ከተማ ደርሶ ገበያዋ ትልቅ መሆኑን መስክሯል። ነገር ግን የዓሣውና የሚታረደው ግመል ሽታ ስለ ከበደው፣ በከተማዋ ከማደር ይልቅ በመርከቡ ላይ ማደርን እንደ መረጠ ጽፏል።

በዚህ መንገድ የሚሻገረው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። ዕውቀትን የሚሹ ደረሶችም በዚያው ይሻገሩ ነበር። ከዚህ አገር የሚሄዱት ሙስሊሞች በዐረቦች ዘንድ ጀበርት እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ በካይሮ በአል-አዝሀር መስጊድም ሪዋቁል-ጀበርት የተባለ የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ዝነኛው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825) የትውልዱ ሐረግ የሚመዘዘው ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

ከጀማሉዲን አስቀድሞ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሌላ ዓሊም ወደ ካይሮ ገብተው ነበር። እኒህም ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብኑ ዐሊ አዝ-ዘይለዒ ናቸው። በ705 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ደርሰው የሐነፊን ፊቅህ አስተማሩ፤ ፈትዋም ሰጡ። ከንዙ-ደቃኢቅ የተባለውን አጭር የፊቅህ መጽሐፍ ተብዪኑል-ሐቃኢቅ በተባለ ሰፊ ማብራሪያ ፈቱት። በ743 ዓመተ ሂጅራ ዐርፈው በካይሮ ተቀበሩ። ወጣቱ ጀማሉዲን ፊቅህን የተማሩት ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ነው። እንዲሁም ከቃዲ ዐላኡዲን ኢብኑ ቱርኩማኒና ከሰዋስው ሊቁ ከኢብኑ ዐቂል ተምረዋል።

ወንድሞች ሆይ! እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መምህሩም አዝ-ዘይለዒ ናቸው፤ ደረሳውም አዝ-ዘይለዒ ናቸው። በፊቅህ መጻሕፍት ዘይለዒ እንዲህ አሉ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ናቸው፤ በሐዲስ መጻሕፍት ሲባል ግን ደረሳው ናቸው። ይህን ለይቶ የማያውቅ አንባቢ የአንዱን ቃል ለሌላው ይሰጣል። ስም ብቻ መጥራት ምንጭን ማወቅ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ኢማም ጀማሉዲን ወደ ተሸከሙት ትልቅ ሥራ እንምጣ። በሐነፊ መዝሀብ ከሚታወቁት መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ከተከበሩት አንዱ አል-ሂዳያህ ነው። ጸሐፊው ቡርሃኑዲን አል-መርጊናኒ የፈርጋና ሰው ሲሆኑ፣ ያ አገር ዛሬ በአብዛኛው በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። በ593 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በ1197 ሞቱ። መጽሐፋቸው ከህንድ እስከ ግብፅ በየመድረሳው ይቀራ ነበር፤ ቃዲዎችም በእርሱ ይፈርዱ ነበር። ይሁን እንጂ አል-ሂዳያህ ሐዲስን ለማስረጃ ሲጠቅስ፣ ሐዲሱ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚገኝና በእነማን በኩል እንደ ተላለፈ በአብዛኛው አይናገርም። መምህሩ ለደረሳው፣ ደረሳውም በተራው ለደረሳው ሲያስተላልፍ ቃሉ በሚገባ ተጠብቆ ኖረ፤ የቃሉ መንገድ ግን እየደበዘዘ ሄደ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ታቢዒዩ ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን በ110 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ ናቸው። እሳቸው እንደ መሰከሩት፣ ሰዎች በፊት ስለ ኢስናድ አይጠይቁም ነበር፤ ፊትና ከተነሣ በኋላ ግን የነገራችሁን ሰው ስም ጥሩ ማለት ጀመሩ። ይህም ምስክርነት በኢማም ሙስሊም መጽሐፍ መቅድም ከነአስተላላፊዎቹ ተመዝግቧል። በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ዐውቆ መዋሸት ወደ እሳት የሚያደርስ ኀጢአት ስለ ሆነ፣ ሙስሊሞች የቃሉን ባለቤት ከቃሉ ጋር ማስተላለፍን የሃይማኖት ግዴታ አደረጉት።

ኢማም ጀማሉዲን ከዚህ የተነሣ በአል-ሂዳያህ ውስጥ ያሉትን ሐዲሶች አንድ በአንድ ወደየምንጫቸው ለመመለስ ተነሡ። ለዚህም መጽሐፋቸው ነስቡር-ራያህ የሚል ስም አወጡለት። የሥራውን ክብደት እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን የታተመ መጽሐፍ አልነበረም፤ ሁሉም በእጅ የተጻፈ ነበር። ከሐዲስ መጻሕፍት ገሚሱ በርእስ፣ ገሚሱ በሶሓቦች ስም የተደራጀ ነው፤ አንድን ቃል ይዞ ወዲያው ገጹን የሚያሳይ ማውጫ አልነበረም። ስለዚህ አንዱን ሐዲስ ለማግኘት የቡኻሪንና የሙስሊምን፣ የአራቱን ሱነኖች፣ የኢማም አሕመድን ሙስነድ፣ የዐብዱረዛቅንና የኢብኑ አቢ ሸይባህን ሙሰነፍ፣ የጦበራኒን፣ የዳረቁጥኒንና የበይሀቂን መጻሕፍት ገጽ በገጽ ማገላበጥ ግድ ይል ነበር።

በዚህ ድካም ውስጥ አንድ ባልንጀራ ነበራቸው። እሳቸውም ዘይኑዲን አል-ዒራቂ ናቸው። ጀማሉዲን ሐነፊ ናቸው፤ አል-ዒራቂ ግን ሻፊዒ ናቸው። ሁለቱ ዓሊሞች አብረው እየተቀመጡ የሐዲስ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። አል-ዒራቂ የኢማም አል-ገዛሊን ኢሕያእ ዑሉሙዲን ሐዲሶች ይፈልጋሉ፤ ጀማሉዲን ደግሞ የአል-ሂዳያህንና የዘመኽሸሪን ተፍሲር የአል-ከሽሻፍን ሐዲሶች ይፈልጋሉ። አንዱ ለሌላው የሚሆን ሲያገኝ ይሰጠው ነበር፤ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ መንገድ ሲሄዱ አንዱ የሌላውን አደራ እንደሚያደርስ ማለት ነው። ይህንንም የምናውቀው አል-ዒራቂ ራሳቸው ለደረሳቸው ለኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ስለ ነገሯቸው፣ ኢብኑ ሐጀርም አድ-ዱረሩል-ካሚናህ በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ጻፉት ነው።

በዘመናቸው፣ በ749 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በ1348፣ ታላቁ ወረርሽኝ ካይሮ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀ። ገበያ ተዘጋ፤ ቤቶች ባዶ ቀሩ፤ ከዑለማእም ብዙዎች አለፉ። ሐዲስን በልቡ የያዘ አንድ ሸይኽ ሲሞት፣ ከማን እንደ ሰማው ካልተጻፈ በቀር፣ መንገዱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ከዚህ የተነሣ የምንጭ ፍለጋ ሥራ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር ሳይሆን፣ የሙስሊሞችን ንብረት ከመጥፋት ማዳን ነበር።

የኢማሙ አሠራር እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሐዲሱን ከአል-ሂዳያህ ያመጡታል። ቀጥሎ የትኞቹ ሶሓቦች እንዳስተላለፉት፣ በየትኞቹ መጻሕፍት እንደ ተዘገበ፣ በእነማን በኩል እንደ መጣ ይዘረዝራሉ። ከአስተላላፊዎቹ መካከል ትዝታው ደካማ የሆነ ወይም የሚጠረጠር ካለ፣ የሐዲስ ሊቃውንት ስለ እርሱ የተናገሩትን ያስቀምጣሉ። ከዚያም አልፈው የሌላው መዝሀብ ሰዎች በዚያው ጉዳይ የሚይዟቸውን ሐዲሶች ያመጣሉ፤ ብርታታቸውንም አይደብቁም። እሳቸው ሐነፊ ሳሉ ይህን ማድረጋቸው ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ሐነፊዎችን ከሐዲስ ይልቅ አስተያየትን ያበዛሉ ብለው የሚነቅፉ ነበሩ። የመዝሀቡን ትልቅ መጽሐፍ በሐዲስ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሐነፊ፣ የራሱን ቤት መሠረት በሰው ፊት ቈፍሮ እንደሚያሳይ ሰው ነው።

የእሳቸው እውነተኛነት ከሁሉ ይልቅ የታየው ግን ሲያጡ ነው። ፈልገው ያላገኙትን ሐዲስ ገሪብ ብለው ይጽፉበታል። በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ገሪብ ማለት እንደ ልማዱ በአንድ ሰው በኩል ብቻ የመጣ ማለት ነው፤ በእሳቸው መጽሐፍ ግን በዚህ ቃል አላገኘሁትም ማለት ነው። በአል-ሂዳያህ ውስጥ፣ አላህን ከሚፈራ ዓሊም ኋላ መስገድ ከነቢይ ኋላ እንደ መስገድ መሆኑን የሚናገር ሐዲስ ተጠቅሷል። ይህ ቃል የዑለማእን ክብር ከፍ የሚያደርግ ነው፤ ኢማሙም ራሳቸው ዓሊም ነበሩ። ነገር ግን ምንጭ ስላላገኙለት ያለ ምንም ማለስለሻ ገሪብ አሉት። የሚያከብረንን ቃል ያለ ምስክር መተው፣ የሚነቅፈንን ቃል ያለ ምስክር ከመተው ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ሌላም ምሳሌ አለ። በጀመዓ ሰላት የሴቶችን ሰልፍ የሚመለከት አንድ ቃል በአል-ሂዳያህ የነቢዩ ንግግር ተደርጎ ተጠቅሷል። ኢማሙ መረመሩና ከነቢዩ የተላለፈ ሆኖ አላገኙትም፤ በዐብዱረዛቅ ሙሰነፍ ውስጥ የሶሓባው የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ንግግር ሆኖ አገኙት። እነሆ፣ ቃሉ አልጠፋም፤ አልተለወጠም፤ በብዙ ሰዎች አፍ ሲዞር ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ። ኢብኑ መስዑድ ከታላላቆቹ ሶሓቦች አንዱ ናቸው፤ የሶሓባ ቃል ግን የነቢይ ቃል አይደለም። ማንም ሐሰት ለመናገር ሳያስብ፣ በመርሳት ብቻ፣ በነቢዩ ስም ያልተናገሩት ይነገራል። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ውሸታም ብቻ ሳይሆን ደጉ ሰውም ነውና።

ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ በ762 ዓመተ ሂጅራ በሙሐረም ወር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1360 መገባደጃ፣ በካይሮ ዐረፉ። ሥራቸው ግን አልሞተም። ሻፊዒው ኢብኑ ሐጀር (773-852 ዓመተ ሂጅራ) መጽሐፋቸውን አሳጥረው አድ-ዲራያህ ብለው ሰየሙት። በ879 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ሐነፊው ቃሲም ኢብኑ ቁጥሉቡጋም ኢማሙ ያላገኟቸውን ሐዲሶች ፈልገው፣ ያገኙትን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ነስቡር-ራያህ ከብዙ ዘመን በኋላ በህንድ ዑለማእ ትጋት በ1357 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በ1938፣ በካይሮ በ4 ጥራዝ ታተመ።

ቃሲም የጐደለውን ሊሞሉ የቻሉት፣ ኢማሙ የጐደለውን ጐደለ ብለው ስለ ጻፉ ነው። አላገኘሁም ብሎ የተወ ሰው ለተከታዩ በር ከፍቶ ይሄዳል። ከልቡ ገምቶ ስም የሰጠ ግን በሩን በግንብ ዘግቶ ይሄዳል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ነገሩ ያለቀ ስለሚመስለው አይፈልግምና።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ! የዘመናችን የአእምሮ መርማሪዎችም ወደዚሁ ነገር ደርሰዋል። በ1951 ሆቭላንድና ዋይስ የተባሉ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድን ዐይነት ጽሑፍ ለገሚሱ ሰው ከሚታመን ምንጭ፣ ለገሚሱ ከማይታመን ምንጭ የመጣ ነው ብለው ሰጡ። በመጀመሪያ ከማይታመነው የመጣውን የተቀበሉት ጥቂት ነበሩ። ከ4 ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ። ሰዎቹ ነገሩን ይዘው፣ ከማን እንደ መጣ ከነገሩ ጋር ማያያዝን ትተው ነበር። ስለዚህ ያልታመነ ሰው የነገረን ወሬ ዛሬ ባንቀበለው እንኳ፣ ምንጩን አብረን ካልያዝን ከወር በኋላ እንደ እውነት ልንናገረው እንችላለን።

ሰነድ የሚለውን ቃል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የሐዲስ ሊቃውንት የአስተላላፊዎችን ሰንሰለት የሚጠሩበት ስም ነው። በገበያ ሰነድ የሌለው ዕዳ እንደማይጸና፣ በሃይማኖትም ሰነድ የሌለው ቃል ማስረጃ አይሆንም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን በጽሑፍና በምስክር ስለ መያዝ የሚያዝ መሆኑን አስታውሱ። ለገንዘባችን ይህ ከታዘዘ፣ ለነቢያችን ስምና ለወንድማችን ክብር ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባም። ደግሞም አሉባልታ የሚለውን የአማርኛ ቃል ተመልከቱት፤ አሉ ብሎ ይጀምራል እንጂ ማን እንዳለ አይናገርም።

ዛሬ በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ሱቅ ከፍተው የሚውሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቤትም ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፣ በየቀኑ በስልካቸው የሚመጣላቸው ቃል ብዙ ነው። በቴሌግራምና በዋትሳፕ አንድ ቃል በነቢዩ ስም ይመጣል፤ ከግርጌውም ለ10 ሰው ላክ፣ ካልላክህ መከራ ያገኝሃል የሚል ይጻፋል። መጽሐፉ አልተጠቀሰም፤ ሶሓባው አልተጠቀሰም። ወይም ደግሞ እገሌ የሚባለው ነጋዴ ከስሯል፣ ዕዳውን አይከፍልም የሚል ወሬ ይመጣል። ማለዳ በአንዱ ሱቅ የተነገረው ወሬ ለዙህር ሰላት በሌላው ሱቅ የታወቀ ነገር ይሆናል። በዱቤ ይሰጡት የነበሩ ሁሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ያልከሰረው ሰው በወሬው ይከስራል። ልጆቹም የሚበሉት ያጣሉ። መጀመሪያ ማን እንደ ተናገረ ቢጠየቅ ግን አንድም ሰው አይገኝም።

እንግዲህ ከዚህ ዓሊም ሕይወት የምንይዘው ነገር ከባድ አይደለም። ሐዲስ ሲላክልን ከማስተላለፋችን በፊት በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ የላከውን እንጠይቅ፤ ካላወቀ ወደ ዓሊም እንውሰደው። ለልጆቻችን ስንናገር ይህን ከአያትህ ሰምቼዋለሁ፣ ይህን ከመስጊዱ ኢማም ሰምቼዋለሁ፣ ይህን ግን ከማን እንደ ሰማሁ አላስታውስም እያልን እንለይላቸው። ልጅ ከዚህ ሁለት ትምህርት ያገኛል፤ ነገሩን ይማራል፣ አላውቅም ማለትም ነውር አለመሆኑን ይማራል። ስለ ሰው ስም የሚነካ ነገር ሲነገረን ደግሞ ተናጋሪውን በስሙ ልንጠራው ካልቻልን፣ ወሬው እኛ ዘንድ ይቁም፤ ከእኛ አልፎ አይሂድ።

የዘይላዕ ስም የተሸከመው ሊቅ ባላገኘው ነገር ላይ አላገኘሁም ብሎ ለመጻፍ አላፈረም፤ እነሆ ስሙ ከ660 ዓመት በላይ በእምነት ሲጠራ ይኖራል።

ጌታችን ሆይ! ምላሳችንን ካላወቅነው ነገር ጠብቅልን። የሰማነውን ከነባለቤቱ የምንይዝ፣ የረሳነውንም ረሳን ለማለት የማናፍር አድርገን። በንግዳችንና በቤታችን አማናን አጽናልን። ለኢማም ጀማሉዲን፣ ለመምህራኖቻቸውና ለባልንጀራቸው፣ ዕውቀትን በአደራ ጠብቀው ላደረሱን ሁሉ እዘንላቸው። አሚን።